ለአንድ ፊልም የ900 ዩሮ ደብዳቤ መጣብኝ፤ በየአገሩ ያላችሁ፣ ፋይል ማጋራት ሕጉ እንዴት ነው?

የኑርንበርጓ

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ያላችሁ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ሌላ አገር ያላችሁም የየአገራችሁን ብትጽፉ ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ እኔ ጋ ከርሞ ተመልሷል። እኔ የሌሊት ተረኛ ስሆን እሱ ቤት ላፕቶፑን ከፍቶ ያመሻል። አሁን ከአንድ የጠበቆች ቢሮ ወፈር ያለ ፖስታ መጣልኝ። የፊልሙ ርዕስ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ፣ የቤቴ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሬ መለያ ቁጥር)፣ የፋይሉ መጠን ሳይቀር ተዘርዝሯል። ወደ 900 ዩሮ ክፈዪ፣ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን ቃል መግቢያ ፈርመሽ ላኪ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት እንገናኛለን ይላል። የሰጡኝ ቀነ ገደብ በጣም አጭር ነው።

ወንድሜን ደውዬ ስጠይቀው «አዎ፣ በቶረንት አውርጄዋለሁ፣ ምነው?» አለኝ። ልፈርድበት አልቻልኩም። እኛ ባደግንበት ሰፈር ፍላሽ ይዞ ሄዶ ፊልም ማስጫን ዳቦ እንደመግዛት ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አያይህም።

ያላየሁትን ፊልም ልክፈል? ካልከፈልኩ መኖሪያ ፈቃዴ ላይ ይመጣብኛል? አዲስ አበባ ዝም የተባለው ነገር እዚህ ጠበቃ የሚያስልከውስ ለምንድን ነው?

ሽቱትጋርት_ሰፈር

አይዞሽ እህቴ። ይህ ደብዳቤ ለስንቱ ሐበሻ ደርሷል። አንድ የማውቀው ልጅ ቀዶ ጣለው፣ እስከ ዛሬ ማንም አልመጣበትም። አትጨነቂ።

ተርጓሚው_ፍራንክፈርት

እህቴ፣ በፍጹም እንዳትጥዪው። ሽቱትጋርት ያለው ወንድማችን ለማጽናናት ብሎ ነው፣ ነገር ግን እኔ ያየኋቸው የተጎዱ ሰዎች ዝም ያሉት ናቸው። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ማንቤሻይድ የሚሉት የፍርድ ቤት የክፍያ ማስጠንቀቂያ በቢጫ ፖስታ ይመጣል። በ2 ሳምንት ውስጥ ካልተቃወሙት ወደ ማስፈጸሚያ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሁሉ ከባድ ነው። የካሳ ጥያቄውን ደግሞ እስከ 10 ዓመት ድረስ ማንሳት እንደሚችሉ ካርልስሩኸ ያለው የጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 (ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወስኗል። ሽቱትጋርት፣ ያ የምታውቀው ልጅ ገና አልዳነም ማለት ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። በየቢሮው ለወገኖቻችን አስተረጉማለሁ፣ ይህን ዓይነት ደብዳቤም ብዙ አንብቤአለሁ። አብማኑንግ ይባላል። የፍትሐ ብሔር ጥያቄ ነው እንጂ የወንጀል ክስ አይደለም፤ ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም የለበትም። ስለዚህ መኖሪያ ፈቃድሽን አይነካም፤ በዚህ በኩል ተረጋጊ።

እንዴት እንደደረሱብሽ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቶረንት ፋይሉን ከአንድ ቦታ አያመጣም፤ ከብዙ ሰዎች ኮምፒውተር ቁርጥራጩን ይሰበስባል። አንዱ ቁራጭ እጅሽ እንደገባ ደግሞ ያንኑ ቁራጭ ለሚጠይቅ ሁሉ ኮምፒውተሩ ራሱ ይልከዋል። ወንድምሽ አውርዶ ዘጋሁ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሲቀበል በዚያው ሲያድል ነበር። የባለመብቱ ተቆጣጣሪዎች እንደማንኛውም ተጠቃሚ ገብተው፣ ቁራጩን ከየትኛው አይፒ እንደተቀበሉ ከነሰከንዱ ይመዘግባሉ። አይፒው ላይ ስም ስለሌለ ፍርድ ቤት አስፈቅደው የኢንተርኔት ኩባንያው የደንበኛውን ስምና አድራሻ እንዲሰጣቸው ያደርጋሉ። ስለዚህ የተከሰስሽው «ፊልም አየሽ» ተብለሽ አይደለም፣ «ለሕዝብ አሠራጨሽ» ተብለሽ ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ያንን ቃል መግቢያ እንዳለ እንዳትፈርሚ። ዕድሜ ልክ የሚያስር ውል ነው፤ አንዳንዱ ላይ ጥፋቱን ማመንም ተደባልቆ ይገባል። ነገ በቤትሽ ኢንተርኔት ያው ነገር ቢደገም በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ያስከፍላል። ቃል መግባት አስፈላጊ ከሆነ ጠበቃ አስተካክሎ፣ ጥፋት ሳያሳምን ይጽፍልሻል።

ገንዘቡን በተመለከተ ያንቺ ጉዳይ ጠንካራ ነው። በ2016 ካርልስሩኸ የታየ አንድ መዝገብ አለ። አንዲት ሴት ጋ፣ ከአውስትራሊያ የመጣች የእህቷ ወይም የወንድሟ ልጅ ከነጓደኛዋ ያርፋሉ። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ትሰጣቸዋለች፣ እነሱም ፊልም ያጋራሉ። ደብዳቤው የመጣው ለሴትየዋ ነው። ፍርድ ቤቱ ያለው፦ ለአካለ መጠን የደረሰ እንግዳ ቤትህ ሲያርፍ «ሕገወጥ ነገር እንዳታወርድ» ብለህ የማስጠንቀቅ ግዴታ የለብህም፤ የምትጠረጥርበት ነገር ካልነበረ ተጠያቂ አትሆንም። ለአዋቂ የቤተሰብ አባላትም በ2014 ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቷል። ወንድምሽ አዋቂ ከሆነ፣ አንቺም ያን ሌሊት ሥራ ላይ እንደነበርሽ በሥራ ተራ ወረቀትሽ ማስረዳት ከቻልሽ፣ ይህ መዝገብ ላንቺ የተጻፈ ያህል ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። እንዲህ ያለው ክርክር የሚቆመው እውነቱን ስትናገሪ ነው። ኢንተርኔቱን ሌላ ማን ይጠቀም እንደነበር መናገር ያንቺ ድርሻ ነው፤ «ማን እንደሆነ እንጃ» ብቻ ብሎ መቆም አያዋጣም። ጠበቃ ጋ ስትሄጂ ወንድምሽ ያለሽን እንዳለ ንገሪ።

ፈርብራውኸርሴንትራለ የሚባለው የሸማቾች ምክር ቢሮ በትንሽ ክፍያ ደብዳቤውን ያይልሻል። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ደግሞ ሠፈራችሁ ካለው አምትስገሪኽት ከሚባለው የአካባቢ ፍርድ ቤት የምክር ወረቀት ጠይቁ፤ በእሱ 15 ዩሮ ብቻ ከፍላችሁ ጠበቃ ታማክራላችሁ። ከ2013 ጀምሮም ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብዳቤ ለደረሰው ግለሰብ የጠበቃ ወጪው እንዳይቆለል በ1,000 ዩሮ ግምት ላይ ብቻ እንዲሰላ አድርጓል። ካሳው ግን ለብቻው ነው።

የሙኒክ_እናት

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። ይህን ሳነብ እኔው ደነገጥኩ። የ13 ዓመት ልጅ አለኝ፤ በሩን ዘግቶ ምን እንደሚያወርድ አላውቅም። ልጅ ሲያደርገውስ?

ተርጓሚው_ፍራንክፈርት

እትዬ፣ ለልጅ ሕጉ ይለያል፤ ለወላጅ የተጣለ የመጠበቅ ግዴታ አለ። በኅዳር 2012 የተወሰነው ትልቁ መዝገብ የአንድ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ወላጆቹ ተጠያቂ አልሆኑም፤ ምክንያቱም ልጁ ጨዋ እንደነበረ፣ ሙዚቃና ፊልም ማጋራት ክልክል እንደሆነም አስቀድመው እንደነገሩት ታይቷል። በየቀኑ ኮምፒውተሩን ፈትሹ አልተባሉም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ አድርገው ይንገሩት፣ ሲነግሩትም ባለቤትዎ ወይም ትልቅ ልጅ ካለ አብሮ ይስማ። በ2017 የተወሰነውን ግን ይወቁት፦ ወላጆቹ ከልጆቻቸው የትኛው እንዳደረገው ደርሰውበት ስሙን አንናገርም ሲሉ፣ ክፍያው በራሳቸው ላይ ጸንቷል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚመጣው ከኢንተርኔት ኩባንያው ኢሜይል ነው፦ «በእርስዎ መስመር እንዲህ የሚባል ፊልም ተጋርቷል» የሚል። ያ ኢሜይል በራሱ ገንዘብ አይጠይቅም። ሲደጋገም ግን ኩባንያው መስመሩን ሊዘጋ ይችላል፤ በ1998 የወጣው ሕግ ደጋግሞ የሚያጠፋ ደንበኛን የማሰናበት ደንብ እንዲኖራቸው ስለሚጠይቅ ነው።

ከዚያ አልፎ ክስ ከሆነ አደገኛ ነው። የአሜሪካ ሕግ ባለመብቱ የደረሰበትን ጉዳት ሳያስረዳ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር እንዲያስወስን ይፈቅዳል፤ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000። ጄሚ ቶማስ የተባለችው የሚኒሶታ ሴት በ24 ዘፈን ተከሳ ዳኞች በ2007 222,000 ዶላር ፈረዱባት። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ በ2009 1.92 ሚሊዮን ሆነ፣ ሦስተኛው ደግሞ 1.5 ሚሊዮን አለ፣ በመጨረሻ ይግባኝ ሰሚው በ2012 ወደ 222,000 መለሰው። ለ24 ዘፈን! ለእያንዳንዱ ከ9,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ተራውን ሰው በገፍ መክሰሱን በ2008 መጨረሻ አቁመናል ብለዋል፣ ሕጉ ግን አልተነካም። ዛሬም የፊልም ባለመብቶች ስሙ ያልታወቀ ሰው ብለው በአይፒ ክስ ይከፍታሉ፣ ከዚያ ስሙን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስወጣሉ።

ዳንፎርዝ_ቶሮንቶ

ካናዳ ይሻላል። ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ኩባንያው የባለመብቱን ማስታወቂያ ያስተላልፍልሃል፣ ስምህን ግን በራሱ አይሰጥም። ድሮ እነዚያ ማስታወቂያዎች ውስጥ «ይህን ያህል ክፈል» የሚል ይደነቅሩበት ነበር፤ በ2018 መጨረሻ በሕግ ተከለከለ። ለንግድ ላልሆነ ጥፋት ፍርድ ቤት የሚወስነው ከ100 እስከ 5,000 ዶላር ነው፣ ይኸውም ለሁሉም ሥራዎች በአንድነት። ከድንበሩ ማዶ ካለው ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር አስተያዩት።

ጄኔቭ_ሐበሻ

ስዊዘርላንድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ለግልህ ማውረድ የተፈቀደ ነው፤ ፋይሉ የመጣበት ቦታ ሕገወጥ ቢሆንም እንኳ። ለቤተሰብና ለቅርብ ወዳጅም ማካፈል ትችላለህ። ሕጉ በ2020 ሲሻሻል ይህን አልነኩትም። የተከለከለው መጫን፣ ማለትም ፋይሉን ለማያውቁት ሰው ማሠራጨት ነው። ሶፍትዌርና ጌም ደግሞ ከዚህ ነፃነት ውጭ ናቸው።

የእኛ ልጆች ይህን ሰምተው «ስዊስ ቶረንት ይፈቀዳል» ይላሉ። አይፈቀድም። ተርጓሚው ከላይ እንዳስረዳው ቶረንት ሲያወርድ እየጫነም ነው። ማውረዱ ነፃ፣ መጫኑ ክልክል፣ ቶረንቱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያደርጋል።

የኑርንበርጓ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ነገ የሸማቾች ቢሮ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የሥራ ተራዬን የሚያሳየውን ወረቀትም ከሆስፒታሉ አስወጥቻለሁ። ጄኔቭ፣ ያንተ ነገር አስገርሞኛል። አውሮፓ አንድ ሕግ አይደለም እንዴ ያለው?

ተርጓሚው_ፍራንክፈርት

ስዊስ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፣ ለዚያ ነው። በኅብረቱ ውስጥም ቢሆን ድሮ ይለያይ ነበር። ኔዘርላንድስ ለግል ማውረድ ከየትም ይሁን ከየት ይፈቀድ ነበር፤ ለዚያም በባዶ ሲዲና በመሣሪያዎች ላይ ለአርቲስቶች የሚሰጥ ክፍያ ይጨምሩ ነበር። በሚያዝያ 2014 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ይህ አይሆንም፣ ከሕገወጥ ምንጭ የተቀዳ ነገር የግል ቅጂ ተብሎ አይጠለልም ብሎ ቆረጠው። እዚያው አገር ያሉ ዘመዶቻችን አሁንም የድሮውን ይዘው ያወራሉ።

ፈረንሳይ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ በኢሜይል ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ በደብዳቤ፣ ሦስተኛው ላይ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊያልፍ ይችላል፤ ቅጣቱ እስከ 1,500 ዩሮ። ኢንተርኔት መቁረጥ የሚለው ቅጣት በ2013 ተሽሯል። ከሁሉ የጠበቀው ጃፓን ይመስለኛል፤ ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ሕገወጥ መሆኑን እያወቁ ሙዚቃና ፊልም ማውረዱ ራሱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 2 ሚሊዮን የን ያስቀጣል።

ለንደን_ብሪክስተን

እንግሊዝ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ የገዛኸውን ሲዲ ለራስህ ስልክ መገልበጥ እንኳ በሕግ አልተፈቀደም። በጥቅምት 2014 ፈቅደው ነበር፣ የሙዚቃ ሰዎቹ ፍርድ ቤት ሄደው በ2015 ክረምት ተሻረ። በተግባር በዚህ የሚከስህ ሰው አይመጣም። ለገንዘብ ወይም ባለመብቱን በሚጎዳ መልኩ በኢንተርኔት ማሠራጨት ግን በ2017 ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት ከፍ ብሏል።

ሽቱትጋርት_ሰፈር

እሺ ቶረንቱ ገብቶኛል። ቦክሱስ? በሐበሻ ሱቅ የሚሸጠው፣ በወር ትንሽ ከፍለህ የዓለም ቻናልና ፊልም ሁሉ የሚያሳየው? ያ እኮ አይጭንም፣ ያሳያል ብቻ።

ተርጓሚው_ፍራንክፈርት

እሱም ከ2017 ወዲህ ነገሩ ተዘግቷል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት የተመለከተው ልክ እንዲህ ያለ፣ ወደ ሕገወጥ ምንጭ የሚወስድ መተግበሪያ ተጭኖበት የሚሸጥ ሳጥን ነበር። መሸጡም ጥሰት ነው፣ ገዝቶ ከዚያ ምንጭ ማየቱም ሕጋዊ አይደለም አለ። እውነት ነው፣ የሚያየው ሰው ስለማይጭን እንደ ቶረንት በአይፒ አይለቀምም። ሻጩ ሲያዝ ግን የደንበኞቹ ዝርዝርና የክፍያ መዝገብ አብሮ ይያዛል። የሱቁ ባለቤት የምታውቁት ሰው ከሆነ ንገሩት፤ ትልቁን አደጋ የተሸከመው እሱ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እዚህም እንደዚያው። በታኅሣሥ 2020 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለ አገልግሎት ለንግድ የሚያካሂድን ሰው በከባድ ወንጀል ያስጠይቃል። ያነጣጠረው ተመልካቹ ላይ አይደለም።

ሻርጃ_ዓለሜ

ለአረብ አገር ልጆች አንድ ነገር ልናገር፣ እባካችሁ አድምጡኝ። ብዙዎቻችን ቪፒኤን (የአይፒ አድራሻን የሚቀይር መተግበሪያ) ከስልካችን አይጠፋም፤ ለቤተሰብ ለመደወል ነው የጫንነው። ኤምሬትስ ውስጥ በ2021 በወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ ወንጀል ለመሥራት ወይም እንዳይደረስበት ለመደበቅ አይፒን ቀይሮ የተጠቀመ ሰው እስራት ወይም ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ቅጣት፣ ወይም ሁለቱም ይጠብቀዋል። ቪፒኤን ከፍቶ የተሰረቀ ፊልም ማውረድ ሁለት ጥፋት አንድ ላይ እንደማስመዝገብ ነው። ከላይ ጀርመን ያሉት «የፍትሐ ብሔር ነው፣ መኖሪያ ፈቃድ አይነካም» ሲሉ እዚህ ያላችሁ ለራሳችሁ አትውሰዱት። እዚህ በወንጀል የተፈረደበት ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። በአሠሪ ቤት ዋይፋይ የምትጠቀሙ እህቶች በተለይ፣ መስመሩ በአሠሪው ስም ነው፤ ጣጣው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ፣ ቀጥሎ እናንተ ናችሁ።

ነታንያ

እስራኤል፦ በ2007ቱ የቅጂ መብት ሕግ ባለመብቱ ጉዳቱን ሳያስረዳ ለአንድ ጥሰት እስከ 100,000 ሼቄል ማስወሰን ይችላል። በ2019 ማሻሻያ ደግሞ ፍርድ ቤት ሕገወጥ ድረ ገጾችን እንዲያዘጋ፣ የጫነውንም ሰው ማንነት እንዲያስወጣ ሥልጣን ተሰጥቶታል። አሁንም ዓይናቸው በሚጭነው ላይ ነው።

የድሮ_መጽሐፍ_ወዳጅ (ሚኒያፖሊስ)

ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ፊልም ትነጋገራላችሁ፣ እኔ ጥያቄዬ ስለ መጽሐፍ ነው። በቴሌግራም አንድ ቡድን አለን፤ የድሮ የአማርኛ መጻሕፍትን በስካን እያነሳን እንለዋወጣለን። ገበያ ላይ የሌሉ፣ ቢጠፉ የማይመለሱ ናቸው። የልጅ ልጆቼ አማርኛ ያነበቡት በዚህ ነው። ይህም እንደ ስርቆት ይቆጠራል?

ሕግ_ልደታ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ መልሱም እንደ መጽሐፉ ይለያያል። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ 50 ዓመት ይቆያል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከዕረፍት በኋላ 70 ዓመት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እንግሊዝ አገር በስደት ያረፉት በ1938 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በ50ውም በ70ውም ቢቆጠር ጊዜው አልፏል፤ ያለ ስጋት ያካፍሉ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። የእሳቸው ሥራ በኢትዮጵያ ሕግ እስከ 2053 የወራሾቻቸው ነው። መጽሐፉ ከገበያ መጥፋቱ መብቱን አያጠፋውም። በተጨማሪ የድሮ መጽሐፍ ቢሆንም አዲስ መቅድምና ማብራሪያ ተጨምሮበት የታተመ ከሆነ፣ የተጨመረው የራሱ ባለቤት አለው፤ የመጀመሪያውን እትም ስካን ማድረጉ ይሻላል።

ብራና የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ እዚያው ግዛትዎ ውስጥ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ሙዚየም በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሱ ብዙ የብራና መጻሕፍት አሉት። ብዙዎቹ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባሉ፤ መመዝገብ ብቻ ነው። ለልጅ ልጆችዎ ያሳዩአቸው።

የኑርንበርጓ እህታችን መጀመሪያ ላይ «አዲስ አበባ ዝም የተባለው እዚያ ለምን ጠበቃ ያስልካል» ላለችው፣ ዝም የተባለው ሕግ ስለሌለ አይደለም። በ1996ቱ አዋጅ ሆን ብሎ የቅጅ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በከባድ ቸልተኝነት እንኳ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። በፍትሐ ብሔር የሞራል ካሳው ከ100,000 ብር እንዳያንስ ተደንግጓል። በወረቀት ከጀርመን እጅግ ይከብዳል። ለግል የሚሆን አንድ ቅጅ ማዘጋጀት ይፈቀዳል፣ ይህም ቢሆን ሙሉ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ማድረግንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን አይጨምርም። ፍላሽ የሚጭነው ሱቅ ግን ለግሉ አይቀዳም፣ እየሸጠ ነው።

ታዲያ የፈረንጁ ፊልም ሱቅ ለሱቅ ሲገለበጥ ለምን ማንም አይከስም? አዋጁ የሚጠብቀው በዋናነት የኢትዮጵያውያንን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ዋና መኖሪያ ያላቸውን ሰዎችና በመጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ወይም እስከ 30 ቀን ባለ ጊዜ እዚህም የታተሙ ሥራዎችን ነው። የሌላው አገር ሥራ የሚገባው በዓለም አቀፍ ስምምነት በኩል ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ አዋጁ ሲወጣም፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት፣ አገሮች የቅጅ መብትን እርስ በርስ የሚያከብሩበት የ1886ቱ (እ.ኤ.አ.) የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ወንድምሽ ያደገበት ገበያ የቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። የራሳችን ሰው ሥራ ሲገለበጥ ግን ያለምንም ጥርጥር ወንጀል ነው፣ ያኔም ዝም ይባላል። የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው።

ስቱዲዮ_22 (አዲስ አበባ)

የመጨረሻው ቃልህ አንጀቴን አራሰው። እኔ ሙዚቃ አቀናባሪ ነኝ። ዘፋኙ ቤት ሸጦ፣ ተበድሮ ሥራውን ይጨርሳል። ከዚያ በወጣበት ማታ ሙሉው በቴሌግራም ቻናል ይለቀቃል፣ ከሥርም «ሼር አድርጉ፣ አርቲስቱን እናበረታታ» ተብሎ ይጻፍበታል። የሚያናድደው የሚለቁት ሰዎች ክፉዎች አለመሆናቸው ነው፤ በእውነት ያበረታቱ ይመስላቸዋል። ዲሲም፣ ሮምም፣ ሪያድም ያለ ወገን እዚያው ያወርደዋል። እዚያ የሆሊውድ ፊልም ለመንካት የሚፈራ ሰው የኛን ዘፈን ያለ ሐሳብ ያጋራል፣ ምክንያቱም ማንም ደብዳቤ አይልክለትም።

ጠበቃው፣ እስቲ ንገረኝ። እኔ ወይ ዘፋኙ አሜሪካ ወይ ጀርመን ያለውን ለቃቂ መክሰስ እንችላለን?

ሕግ_ልደታ (አዲስ አበባ)

የበርን ክፍተት በሁለት በኩል ይቆርጣል፣ አንተን የሚጎዳህ በዚያኛው በኩል ነው። የእነሱ ሥራ እዚህ እንዳልተጠበቀ ሁሉ፣ እዚህ ብቻ የታተመ የኢትዮጵያዊ ሥራም እዚያ መቆሚያ ያጣል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ከየትኛው አገር ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚዘረዝር ሰነድ ያወጣል፤ ኢትዮጵያ ግንኙነት ከሌላቸው ጥቂት አገሮች ጋር ለዓመታት ተመዝግባ ቆይታለች።

መውጫ ግን አለ። የአሜሪካ ሕግም የበርን ስምምነትም እንዲህ ይላሉ፦ ሥራው መጀመሪያ በአባል አገር ከታተመ፣ ወይም ሌላ ቦታ በታተመ በ30 ቀን ውስጥ በአባል አገርም ከታተመ፣ የደራሲው ዜግነት ምንም ይሁን ምን ይጠበቃል። ደራሲው አባል አገር ውስጥ የሚኖር ከሆነም እንዲሁ። ስለዚህ አልበሙ አዲስ አበባ በወጣበት ሳምንት፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ባለ አከፋፋይ በኩል እዚያም ይውጣ። የቀኑን ማስረጃ፣ ውሉን፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። አሜሪካ ከሆነ እዚያው ቢሮ አስመዝግቡ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከላይ የጠቀሰው ከ750 ዶላር የሚጀምረው ካሳ የሚጠየቀው በጊዜው ለተመዘገበ ሥራ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ልክ ነው። ከወጣ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ወይም ጥሰቱ ከመጀመሩ በፊት መመዝገብ አለበት። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፣ ክፍያውም ከ100 ዶላር በታች ነው። ስቱዲዮ 22፣ ቅጹን የሚሞላላችሁ ሰው እዚህ ካጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እኔ አግዛችኋለሁ።

ስቱዲዮ_22 (አዲስ አበባ)

ጻፍኩልህ። የሚቀጥለው ሥራችን ለፋሲካ ነው የሚወጣው፤ አሁኑኑ ብንጀምር ይደርሳል?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ይደርሳል። መጀመሪያ ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን ማን እንደሠራ፣ መብቱ የማን እንደሆነ ሁላችሁም የፈረማችሁበትን ወረቀት ላክልኝ። ያለዚያ ቅጹን መሙላት አንችልም።